በጾም የተቋረጠው ካሴት

ባለፈው ዐቢይ ጾም ከቅዳሴ ስመለስ የልጅ ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ ዘፈን ያዳምጣል። ሲያየኝ ደንግጦ ሊያጠፋው ተነሣ። «ተወው፣ እስኪያልቅ ይዝፈን» አልሁት። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ አክፍሎት የማላስታጉል ሴት ይህን ስል ሰምቶ ዓይኑ ፈጠጠ። ዘፈኑ የእኛ ዘመን ዘፈን ነበር። አንድ የዛሬ ወጣት ደግሞታል፤ ኦርጋኑ ግን ያው ነው።

በደርግ ጊዜ ጎንደር ላይ ያለ ኦርጋን ዘፈን ዘፈን አይባልም ነበር። ጥሩምባና ሳክስፎን የሚነፉት ትልልቅ ባንዶች እየሳሱ ሄደው፣ ኦርጋን ያለው ልጅ ብቻውን ሠርግ ማድመቅ ጀመረ። ፒያሳ ያሉት ሙዚቃ ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን በር ላይ አውጥተው ይፎካከራሉ፤ እኛም ባዶ ካሴት ይዘን እየሄድን የወደድነውን እናስቀዳለን። ቀበሌውም የራሱ የኪነት ቡድን ነበረው። ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ኦርጋን የለመደው እዚያ ነው። በስብሰባ ላይ ስለ አብዮቱ በዘፈነበት ዜማ፣ ልምምድ ሲያልቅ ስለ አንዲት የወለቃ ልጅ ይዘፍንበታል። የትኛው ከልቡ እንደሆነ ለማወቅ ካድሬ መሆን አያስፈልግም።

ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ፣ እጁን አይተው የጦሩ ኪነት ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ወዲህ አላየነውም። እናቴ ማኪና በቆመ ቁጥር ወደ በር ትሮጥ ነበር።

ካሴቱን ያመጣልን ፈቃድ የወጣ ጓደኛው ነው፤ በር ላይ ሰጥቶን ወደ አገሩ አለፈ። ጾሙ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ቢሆንም በልጅነቱ ዲያቆን ነበር፤ በየዓመቱ በቅበላ ዕለት ቴፑን በነጠላ ጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ይሰቅለዋል፣ እስከ ፋሲካም አይወርድም። ሰፈሩም እንደዚያው ጭጭ ይል ነበር። ያን ቀን ግን የልጁ ድምፅ ነውና አወረደው።

«እማዬ፣ አባዬ፣ እኔ ደህና ነኝ። ይችን ዘፈን ከጓደኞቼ ጋር ለእናንተ ብለን ነው የተጫወትናት» አለ ደረጀ። ኦርጋኑ ሲጀምር አባቴ ዘጋው።

«ምነው አያ ተሰማ? የልጄ ድምፅ እኮ ነው!» አለች እናቴ።

«አንች፣ ዘንድሮ የምንጾመው ለማን ነው? እሱን ጠብቅልን ብለን በያዝነው ጾም ዘፈን እንስማበት? ደህና ነኝ ማለቱን ሰምተናል። ዘፈኑ ለፋሲካ ይቆየን።»

እናቴም አመነችበት። ጠዋት ጠዋት ሰላምታውን ትሰማና ኦርጋኑ ሲጀምር ራሷ ትዘጋዋለች።

ፋሲካ ደረሰ። ዶሮው ተበልቶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ካሴቱ ተከፈተ። ሸጋ ዘፈን ነበር። አባቴ ሳይቀር ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ። ዘፈኑ ሲያልቅ እያጨበጨብን ሳለ የደረጀ ድምፅ ተመልሶ መጣ።

«እማዬ፣ ይህን ከቀዳን በኋላ ወሬ ደረሰን። ከደብረ ዘይት ማግስት፣ ሰኞ፣ ወደ ሁመራ ስናልፍ አዘዞ ላይ ምሳ እንበላለን። ሁላችሁም መንገድ ዳር ውጡልኝ። ጾም ነውና ሱፍ ፍትፍት ይዘሽልኝ ነይ።»

ደብረ ዘይት የጾሙ እኩሌታ ነው፤ ካለፈ ሰንብቷል። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ። አባቴ እጁን ከቴፑ ላይ አላነሣም። እናቴ «ያን ሰኞ እኮ ቤት ውስጥ ሱፍ ነበረን» አለች። አባቴን አልወቀሰችውም። ብትወቅሰው ይሻለው ነበር።

ደረጀ ከሁመራ አልተመለሰም። እንዴት እንደሆነ የነገረን ሰው የለም። በከርሞው ቅበላ አባቴ ቴፑን አልጠቀለለውም። ጾሙ ሲጋመስ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ካሴቱን አስገባና ነጠላውን ሳያወልቅ እስከ መጨረሻው ሰማው። እኔ በዚያች ሰዓት ያዘንሁት ከደረጀ ይልቅ ለእሱ ነው።

የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ አያውቅም። ዘፈኑ ሲያልቅ እጁን ወደ ስልኩ ሰደደ።

«ቆይ» አልሁት።

«አልቋል እኮ፣ እማማ።»

ማለቁን እኔም ሰምቻለሁ። ቢሆንም ትንሽ ጠበቅሁ።