ክፍል የሚያርመው ሣጥን

ቶርኪል ኒጎር ከሰው ተጣልቶ አያውቅም፤ የተጣላው ከገዛ ሳሎኑ ጋር ነው። ጉልበቱን የጨረሰው ፊዮርድ ከሚባለው የባሕር ክንድ ማዶ ባለው የራዲዮ ፋብሪካ የስፒከር ሣጥን ሲሠራ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ደግሞ «አሁን ለራሴ» ብሎ ከኦክ እንጨት ሁለት ስፒከሮች ሠራ። ቁመታቸው የሚስቱን የሲግሪድን ትከሻ ይደርሳል። እነዚህ ሁለት ጉዶች ከግድግዳው ርቀው ሳሎኑ መሐል ተገትረዋል፤ ግድግዳ ከተጠጉ ወፍራሙ ድምፅ በርሜል ውስጥ ሆኖ እንደሚያወራ ሰው ይሆናልና። ፊት ለፊታቸው አንድ ወንበር አለ። ሁለተኛ ወንበር የለም፤ ድምፁ በትክክል የሚገጥምበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የቶርኪል ነው።

ክፍሉ ከጥንት እንዲህ ባዶ አልነበረም። በመጀመሪያ የወጣው ሲግሪድ አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጣ የሸመነችው ምንጣፍ ነው። «ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል» አለ ቶርኪል። ቀጥሎ መጋረጃው ወረደ። ከዚያ የእናቷ ቁም ሣጥን፣ ውስጡ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጣሉ ተብሎ፣ ጋራዥ ገባ። በመጨረሻ ረጅሙ የምግብ ጠረጴዛ ተከተለው። አንድ ዕቃ በወጣ ቁጥር ሙዚቃው ለጥቂት ሳምንት የጠራ ይመስለውና መልሶ ይደበዝዝበታል። በአሮጌው ድምፅ ማጉያ፣ በአምፕሊፋየሩ ላይ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚጨምረውን ቁልፍ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ቀኝ እያዞረ ዳር አድርሶታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ቶርኪልም ጥፋቱ የክፍሉ ነው ብሎ አንዴ ይዟል።

ሲግሪድስ ምን አለች? ምንም። እኛ በዴንማርክ የምዕራብ ዩትላንድ ሰዎች የሆዳችንን አውጥተን ከምንናገር ጥርሳችንን ብንነቀል ይቀለናል። ቶርኪል «ድምፁ እንዴት ነው?» ሲላት «ክፉ አይደለም» ትልና ወደ ወጥ ቤት ትሄዳለች፤ በሩንም ትዘጋለች። «ክፉ አይደለም» ለሠርግም ለቀብርም የሚሆን ቃላችን ነው። እሱም ሚስቴ ሙዚቃ አትወድም ብሎ ከደመደመ ቆይቷል።

ነገሩ የመጣው የወርቅ ሠርጋቸው ሲቃረብ ነው። ባልና ሚስት ሃምሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ ጎረቤት በማለዳ ተሰብስቦ ይመጣል፤ በራቸውን በጥድ ቅርንጫፍ ቅስት ያስጌጣል፤ መለከት ይነፋል፣ ይዘፍናል። ባለቤቶቹ ሁሉን እያወቁ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ተጋድመው ይጠብቃሉ። ከዚያ በሌሊት ልብሳቸው ይወጡና ሰውን ሁሉ ወደ ቤት አስገብተው ቁርስ ያበላሉ፤ ትኩስ ዳቦ፣ አይብ፣ ቡና፣ ለማለዳው ብርድ ደግሞ መራራ አረቄ። ዋናው ቁም ነገር ሰውን ወደ ቤት ማስገባቱ ላይ ነው።

«የመንደሩን አዳራሽ ብንይዝ ይሻላል» አለ ቶርኪል ስፒከሮቹን አየት አድርጎ።

«እሺ» አለች ሲግሪድና የታጠበውን ድስት እንደገና ማጠብ ጀመረች።

አዳራሹን አልፈለገችውም። ሰው በገዛ ቤቷ፣ በዚያ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተጠጋግቶ፣ ክርኑ ከክርን እየተጋጨ እንዲበላላት ነበር ምኞቷ። ይህንንም ከቶርኪል በስተቀር ለሁሉም ተናግራለች።

ከሰሙት አንዱ ኢቨር ነው። ኢቨር የቶርኪል የፋብሪካ ባልደረባ ነበር፤ አሁን ከተማ ውስጥ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለው። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የጫማ ካርቶን የምታህል ጥቁር ሣጥን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከች አለ።

«ምንድነው ደግሞ ይሄ?» አለ ቶርኪል።

«አምፕሊፋየር። ዲጂታል ነው። ራዲዮው በለው፣ ከኢንተርኔት የሚመጣው ዘፈን በለው፣ ሁሉም እዚሁ ውስጥ ነው። ሸክላ ማጫወቻህንም ትሰካበታለህ።»

ቶርኪል ተቀብሎ በእጁ መዘነው። «ይቺ? ሆዷ ውስጥ ምንም የለም እኮ! ላባ ናት።»

«አንተስ ከባድ ነህ፣ ምን አተረፍክ?» አለ ኢቨር። «ይልቅ ዋናውን ስማኝ። ማይክሮፎን አለው። ክፍልህን ይለካና ያርመዋል። ስፒከሩን ግድግዳ ብታስጠጋ እንኳ ግድግዳው የጨመረውን እሱ ይቀንስልሃል።»

«ክፍል የሚታረመው በመጋዝ ነው።»

«በመጋዝማ አየነው፤ ቤትህን የእህል ጎተራ አስመሰልከው። እስከ እሑድ አስቀምጠው፤ ካልጣመህ መልስልኝ።»

ቶርኪል አፉ ያጣጥል እንጂ ልቡ ተነሥቷል። ኢቨር ገና ብስክሌቱ ላይ ሳይወጣ ሣጥኑን ገለበጠው፣ በጣቱ አንኳኳው፣ ዓይኑን አጥብቦ በኋላ ቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ አየ። ዓይን የሌለው ዕቃ እንዴት አድርጎ ክፍል ያያል? ግድግዳው የት እንዳለ ማን ይነግረዋል? የአጃ ዳቦው ላይ የተጋደመው ሄሪንግ ዓሣ ሳይነካ ቀረ። ለዓሣ ጀርባውን ሰጥቶ የማያውቅ ሰው!

«ሲግሪድ!» ብሎ ወደ ወጥ ቤት ተጣራ። «ይሄ ነገር እውነት ከሆነ እኮ ስፒከሮቹ ግድግዳ ሊጠጉ ነው!»

ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ስትልጥ የነበረችው ሲግሪድ ቢላዋዋን አቆመች። «ቢጠጉስ?»

«መሐሉ ባዶ ይሆናላ!»

«ባዶ ቦታ ደግሞ ምን ይደረግበታል?» አለች፣ የማታውቅ ሆና።

«እንጃ። ጠረጴዛም ይገባ ይሆናል።» ቶርኪል ትንሽ አሰበ። «ሣጥኑ ከዋሸ ግን አዳራሹ እንዳለ ነው።»

ሲግሪድ ድንቹን መላጥ ቀጠለች፤ ያን ዕለት የላጠችው ለሁለት ሰው የሚበዛ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ቶርኪል ስፒከሮቹን ግድግዳ አስጠጋ። ማይክሮፎኑን ወንበሩ አጠገብ በዘንግ ላይ አቆመ፤ ልኬቱን የሚያስጀምርበትን ስልኩን ጭኑ ላይ አደረገ። መመሪያው አጭር ነው፤ ልኬቱ እስኪያልቅ ማንም እንዳይንቀሳቀስ። ነካው። ከመሬት ሥር እንደሚመጣ ጉርምርምታ ጀመረና ድምፁ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ መለከት ሆነ፣ ፉጨት ሆነ፣ ፉጨቱ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። ቶርኪል «ድንቅ ነው!» እያለ ብድግ አለ። ወንበሩ ሲጥ አለ።

ስልኩ ላይ ጽሑፍ መጣ። ልኬቱ ሳያልቅ ሌላ ድምፅ ስለተሰማ እንደገና ይሞከር ይላል።

«ሌላ ድምፅ? ከየት?»

መስኮቱን ዘጋ። እንደገና ሞከረ፤ ፉጨቱ ሲያበቃ ተነሣ፣ ያው ጽሑፍ። የግድግዳውን ሰዓት አውርዶ ኮሪደር አወጣ፤ ያው። ማቀዝቀዣውን ነቀለ፤ ያው። ነገሩ ከማናደድ ይልቅ ያስደንቀው ጀመር። ይህ ሣጥን እሱ የማይሰማውን ምን ይሰማል? ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ጆሮውን ጣውላው ላይ ለጠፈ። በመጨረሻ የቀረ ሌላ ተጠርጣሪ ስላልነበረ ወጥ ቤቱን ከፈተ።

«እባክሽ አንቺ፣ ለአንዲት ደቂቃ አትንቀሳቀሺ! የምታበላሺው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም» አለች ሲግሪድ። «አንተ ነህ ሳያልቅ ብድግ የምትለው።»

«አልቆ እኮ ነው የምነሣው!»

«ምኑ ነው ያለቀው? ጥርሴ ውስጥ ገብቶ እየጮኸ!»

ቶርኪል ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ከዚያ ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወ።

«ነይ እስቲ እዚህ ቁሚ። ሲያልቅ ንገሪኝ።»

በሩ ሥር ቆመች። እሱ ተቀምጦ ነካው። ጉርምርምታው ተነሣ፣ ወጣ፣ ቀጠነ፣ አለቀ። ቀና ብሎ አያት። ሲግሪድ ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ ጭና ዓይኗን ጨፍናለች። ስልኩን አየ፤ ድምፁን እየተከተለ የሚሳለው መስመር ወደ ላይ መውጣቱን አላቆመም። እሷን አየ፣ መስመሩን አየ። ለእሱ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። መስመሩ ረጅም መንገድ ከሄደ በኋላ እጇን አወረደች።

«አሁን አለቀ» አለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የቶርኪል ጆሮ መድከሙን መንደሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። የዳቦ ቤቷ ሴት ለሌላው ደንበኛ አንዴ የምትናገረውን ለእሱ ሁለቴ እየጮኸች ትነግረዋለች፤ እሱ አፏ ሰፊ ስለሆነ ይመስለው ነበር። ኢቨር በስልክ መደወል ትቶ በብስክሌት መምጣት ከጀመረ ከርሟል። ለቶርኪል ማን ይንገረው? የእኛ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለባለቤቱ አይናገርም፤ ነውር ነው ብሎ ያልፈዋል።

ቶርኪል ከወንበሩ አልተነሣም። ምንጣፉ ተነጥፎበት የነበረውን ባዶ ወለል ተመለከተ፤ የመጋረጃ ዘንግ የሌለበትን መስኮት ተመለከተ። ቀጭኑን ድምፅ የዋጠው ምንጣፉ አልነበረም። የሚስቱን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ ከቤቷ ያስወጣው በሌለ ጥፋት ነው። አፈረ፤ ፊቱ እስኪቀላ አፈረ።

«ሲግሪድ፣ የእውነቱን ንገሪኝ» አለ። «እስከዛሬ ድምፁ እንዴት ነበር?»

«ክፉ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። በሩን ደገፍ አለች። «ይወጋ ነበር። እንደ መርፌ። ያንን ቁልፍ ባዞርክ ቁጥር ይብስበት ነበር። ወጥ ቤት የምገባው ለሱ ነው።»

«እኔኮ ሙዚቃ የማትወጂ መስሎኝ...»

«የፋብሪካው ጭፈራ ላይ ግድግዳ ይዘህ ቆመህ ማን ነበር ጎትቶ ያስጨፈረህ? አንተ ነህ የጋበዝከኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«እንግዲህ!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

 «ደስ ብሎህ ተቀምጠህ አይሃለሁ» አለች ሲግሪድ። «ደስ ያለውን ሰው እንዴት ብዬ?»

ቶርኪል ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ተነሥቶ ጃኬቱን ለበሰና ጋራዡን ሊከፍት ወጣ።

ምንጣፉንና መጋረጃውን ብቻውን መለሰ፤ ለጠረጴዛውና ለቁም ሣጥኑ ግን ኢቨር ተጠርቶ መጣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በየደጃፉ እየተሰዳደቡ፣ «ወደ ግራ አልኩህ አንተ ደንቆሮ!» «ደንቆሮማ መሆኔን ዛሬ ሰምቼ ጨረስኩ!» እየተባባሉ አስገቧቸው። ሲግሪድ ሳቋን መያዝ አቅቷት ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ቶርኪል በዚያው አዳራሹ ጋ ደውሎ አንፈልግም አለ። ሲግሪድም ጆሮውን ሰኞ ለሐኪም እንደሚያሳይ አስማለችው።

ከዚያ ክፍሉ እንደ ሞላ፣ ከነምንጣፉ ከነብርጭቆው፣ ዳግመኛ ተለካ። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ስልኩን የያዘችው ሲግሪድ ናት፤ ልኬቱ አለቀ ወይም አላለቀም የምትለውም እሷ። ሣጥኑ በአንዴ ተቀበለ።

ኢቨር ሲሄድ ቶርኪል አንዲት ሴት የምትዘፍንበትን አሮጌ ሸክላ አስቀመጠ። ሲግሪድ ከወንበሩ ልትነሣለት ስትል ትከሻዋን ይዞ መለሳትና እሱ አጠገቧ ቆመ። ወፍራም ክራር የመሰለው የባስ መሣሪያ ድምፅ ግድግዳው ሥር ሆኖም አላጓራም፤ እያንዳንዱ ክር ተለይቶ ይሰማዋል። የኢቨር ሣጥን አልዋሸም። የዘፋኟ ድምፅ ግን ከወፍራም ልብስ ጀርባ ያለ ያህል ራቀው። ሊቀየም አልቻለም፤ የት እንደሄደበት ማወቅ ነበር የፈለገው።

«ምን ትሰሚያለሽ?» አላት ጎንበስ ብሎ።

«ትተነፍሳለች» አለች ሲግሪድ። ፊቷ በርቷል። «ልትዘፍን ስትል አየር ትስባለች። እዚህ አጠገቤ ያለች ነው የምትመስለው።»

«የት ላይ?»

ሲግሪድ ዘፈኑን በወሬ ማቋረጥ አልፈለገችም። ዘፋኟ አየር ስትስብ ጣቷን ቀና አደረገች። ስንኙ አልቆ ቀጣዩ ሊጀምር ሲል ደግሞ ቀና አደረገች። ቶርኪል ዓይኑን ከጣቷ ሳይነቅል ሸክላው እስኪያልቅ ቆመ፤ አንድም ትንፋሽ አላመለጠውም።