ከመስኮቱ ያስነሳት ማሽን

እህቴን ከመስኮቷ ያስነሳት ሰው አይደለም፤ እቃ ማጠቢያ ማሽን ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔን ግን አያስቀኝም። ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። የሰፈሩ ሰው በስሟ አይጠራትም፤ «እትዬ ስፌት» ነው የሚላት፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ። የሙሽራ ቀሚስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የጠበበ ሱሪ፣ አልዘጋ ያለ ዚፕ፣ ሁሉም እሷ ዘንድ ነው የሚመጣው። ሱቅ የላትም። ሱቋ የባሏ ቤት የኩሽና መስኮት ነበር። ከዚያ ቤት መስኮቶች ሁሉ ደህና ብርሃን የሚገባበት እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ከጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ጋር ተፋጠው የቀሩ ናቸው። እህቴ አግብታ እዚያ ቤት የገባች ጊዜ የስፌት መኪናዋን ያሳረፈችው በዚያ መስኮት ሥር፣ ከእቃ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ ነው። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር የሚሰፋ ሰው ብርሃን ምን እንደሆነ ያውቃል። የእህቴ ዓይን ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ደካማ ነው። መስኮቱ ከተወሰደባት ስፌቱም ተወሰደባት ማለት ነው፤ ስፌቱ ከሌለ ደግሞ እህቴ ምን እንደምትሆን እኔ አላውቅም፣ እሷም አታውቅም።

በዚያን ጊዜ እቃ ማጠብ የቤቱ ሁሉ ሥራ ነበር። ማንም ደንብ አላወጣም፤ ከሥራ ቀድሞ የገባ እጅጌውን ይሰበስባል፣ ቀጥሎ የገባ ፎጣ ያነሳል። ባሏ ያጥባል፣ ልጃቸው ታደርቃለች፣ አማቷ ወንበራቸውን ስበው ይቀመጡና ከታች ፎቅ የሰሙትን ወሬ ያወርዱታል። እህቴ መኪናዋን እያንጫጫች ታዳምጣለች፤ አንዳንዴ ሳቋ ይመጣና መርፌውን አቁማ ዓይኗን ትጠርጋለች። እኔ የምኖረው አንድ ፎቅ ከፍ ብዬ ነው፤ ከፋርማሲ ሥራዬ ስመለስ ሳቃቸው ደረጃው ላይ ይቀበለኝና ቤቴ ሳልገባ እነሱ ዘንድ እገባለሁ። ኩሽና ሳይሆን ሳሎን ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ባሏ ቀያሽ ነው። መሬት ይለካል፣ ችካል ያስተክላል፣ ሜትሩ ከኪሱ አይጠፋም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን የምለው እውነቱን ላለመካድ እንጂ ለሱ አዝኜ አይደለም።

አንድ ቀን እህቴ የሰፋችውን ቀሚስ ለደንበኛዋ አድርሳ ስትመለስ የስፌት መኪናዋን ኮሪደሩ ውስጥ፣ ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ ተገትራ አገኘቻት። ደንግጣ ወደ ኩሽና ገባች። በመኪናዋ ቦታ አንድ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ሣጥን ቆሟል። ማሽኑን የተከሉት ሠራተኞች ቧንቧውን አጥብቀው መውጣታቸው ነበር።

«ገላገልኩሽ!» አላት ባሏ እጁን እያፋተገ። «ከእንግዲህ እጅሽ ሳሙና አይነካም።»

«መኪናዬስ?»

«ቧንቧው ያለው እዚህ ነዋ! ማሽኑ ያለ ውሃ አይሠራም። ያንቺዋ እንደሆነች ውሃ አትጠጣም፣ የትም ትቆማለች።»

እህቴ አመሰገነችው። ምን ታድርግ? ስጦታ ነዋ! እኔ ስጦታ ማለት ለሰው የሌለውን መስጠት ይመስለኝ ነበር። ያለውን ወስደህ፣ በቦታው ማንም ያልለመነህን አቁመህ፣ ከዚያ ደግሞ ምስጋና ትቀበላለህ! እሷ ግን «ተይ፣ አስቦልኝ እኮ ነው» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን እህቴ የምሳውን ሳህን እንዳለ ማሽኑ ውስጥ ልትደረድር ስትል አማቷ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«እንዴ! ልጄ፣ ይሄን የመሰለ ንጹሕ እቃ ውስጥ የቆሸሸ ሳህን ልትከቺ ነው?»

«እማማ፣ የቆሸሸውን እንዲያጥብ እኮ ነው የተገዛው።»

«ይጠብ፣ ማን ከለከለው! ግን ነውር አለ። መጀመሪያ ለቅለቅ አድርጊው።»

ለቅለቅ ሲሉ ለቅለቅ እንዳይመስላችሁ። በሳሙና፣ በስፖንጅ፣ ከዚያም ሳህኑን ወደ መስኮቱ አንስተው ያዩታል፤ ነጠብጣብ ካዩ ይመልሱታል። እህቴ ሳህኑን ሁሉ በእጇ ታጥባለች፣ ከታጠበ በኋላ እንዲታጠብ ማሽኑ ውስጥ ትከታለች። ይህ የዚያ ቤት ልማድ ሆነ። ከማሽኑ ሲወጣ ደግሞ አማቷ አሽትተው «ሳሙና ሳሙና ይላል» ካሉ እንደገና ውሃ ያገኘዋል። እኔ ስቃወም «አንቺ ደግሞ መድኃኒት ቤት እየሠራሽ ንጽሕና አታውቂም» ብለው ዘጉኝ።

ባሏ ይህን አያውቅም። ከሥራ ሲገባ የሚያገኘው ማሽኑ ውስጥ የተደረደረ ሳህን ነው፤ እሱም እንዳለ አይተወውም። ሁሉንም አውጥቶ እንደገና ይደረድራል። «ይሄ ቦታ ባከነ። ድስት ጥግ ነው የሚሄደው። ማንኪያ ለምን ተጋደመ?» ሜትሩን ከኪሱ መዞ የድስት አፍ ሲለካ አይቻለሁ፤ ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ያን ሁሉ ሳህን አንድ በአንድ በእጁ ይዞ፣ አንዱም እንዳልቆሸሸ ልብ አላለም። እሱ የሚያየው ቦታውን እንጂ ሳህኑን አይደለም። ሣጥኑ ጢም ብሎ ካልሞላ ደግሞ ማስነሳት ክልክል ነው፤ ብክነት ነዋ! ስለዚህ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ቤቱ ውስጥ ሳህን አይኖርም። እህቴ ከማሽኑ ታወጣለች፣ ታጥባለች፣ ይበላበታል፣ ታጥባለች፣ ትመልሳለች።

አንድ ጊዜ ባሏ አንድ ብርጭቆ ፊቴ ላይ ደቅኖ «አየሽ? ይሄ ማሽን ተአምር ነው! ቅባት የሚባል አይተውም!» አለኝ። ወደ እህቴ ዞርኩ። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ሁሉም ሥራውን ተወው። ባሏ እጅጌውን መሰብሰብ ረሳ። ልጃቸው፣ ያቺ እናቷን የምትወድ ልጅ፣ የጠጣችበትን ኩባያ ገንዳው ዳር አስቀምጣ ትሄዳለች። ሲነገራት «እማ፣ ማሽን አለሽ አይደል?» ትላለች። አለሽ! ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። የአራቱም የነበረው ሥራ የእህቴ ብቻ ሆነ፤ ማሽኑ የሷ ነዋ። ሥራ የሚያቀል እቃ ገዝተው ሥራውን ሁሉ አንድ ሰው ጫንቃ ላይ ጫኑት፣ ከዚያ «ገላገልናት» እያሉ እግራቸውን ዘርግተው ቴሌቪዥን ያያሉ። ኩሽናው ውስጥ ወሬም ቀረ፣ ሳቅም ቀረ። ማሽኑ ሲነሳ ቤቱን ስለሚያንጓጓው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ከሰው አይሰማም።

እህቴ ለመናገር ሞክራለች። እዚያው ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት።

«ስማ፣ የመኪናዬን ቦታ ነገር...» ትላለች።

«ሃ?»

«መኪናዬን። ኮሪደሩ ይጨልምብኛል፣ ሳህኑም በእጅ...»

«አልሰማሽም፣ ማሽኑ ይጮኻል! በኋላ ንገሪኝ!»

በኋላ የሚባለው አይመጣም። በኋላ ሳህን ማውጣት አለ።

ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አምፖል ቢጫ ነው፤ ሰው ጫማውን እንዲለይ እንጂ ክር እንዲያስገባ የተሰቀለ አይደለም። እህቴ አንገቷን ቀብራ ትሰፋለች፣ ጫማ የሚፈልግ ሁሉ ክርኗን እየገፋ ያልፋል። የፈራሁት አልቀረም። አንዲት የሙሽራ እናት ሐር መሳይ ጨርቅ አምጥተው ቀሚስ አሰፉ። ጨርቁ ፊቱ ያብለጨልጫል፣ ጀርባው ፈዛዛ ነው። በዚያ ብርሃን ፊትና ጀርባው አይለይም። እህቴ አንዱን እጅጌ ገልብጣ ሰፋችው። ሴትየዋ ለብሰውት ፀሐይ ላይ ሲወጡ አንዱ ክንዳቸው ያበራል፣ አንዱ ሞቷል። ይዘውት ተመለሱ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ትከሻዋን ዳበስ አድርገው፣ «እትዬ ስፌት፣ ዓይንሽ ደከመ እንዴ? ቢበቃሽስ?» አሏት።

ያን ዕለት ከሥራ ስመለስ እህቴን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በደረጃው መስኮት ብርሃን የእጅጌውን ስፌት እየተረተረች ነው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ልብስ የሰፋች ሴት፣ ገዛ ቤቷ ውስጥ ብርሃን አጥታ መተላለፊያ ላይ! ሰው ሲወጣ ሲወርድ እግሯን ትሰበስባለች። ቱግ አልኩ።

«ተነሺ! አሁኑኑ ገብቼ ያን ጉድ በመስኮት ካልወረወርኩት!»

«ተይ። እኔም አፍ አለኝ።»

«ካለሽ ምን ያደርግልሻል? አትናገሪበትም!»

«እናገርበታለሁ» አለች፣ ክሩን ከጥርሷ እያላቀቀች። ስትናገር ግን ወደኔ አልተመለከተችም፤ እኔም አላመንኳትም።

በእሑዱ ባሏ የመሥሪያ ቤቱን አለቃ ከነባለቤታቸው ምሳ ጋበዘ። እኔም ላግዝ ወረድኩ። ተበላ፣ ተጠጣ። እንግዶቹ ሳሎን ከባሏ ጋር ሲጫወቱ እህቴና እኔ ኩሽና ውስጥ ሳህኑን እያጠብን ነው፣ አማቷ ወንበራቸው ላይ ሆነው ወደ ብርሃኑ እያነሱ ያያሉ። ከደረደርነው በኋላ ቀያሹ እንግዶቹን አስከትሎ ገባ። አወጣ፣ እንደገና ደረደረ፣ የቦታ አጠቃቀምን አስረዳ፣ አዝራሩን ተጫነ። ማሽኑ ማጓራት ጀመረ። አለቃው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታድለሽ!» አሏት የአለቃው ባለቤት። «እንዲህ የሚያስብልሽ ባል! እንግዲህ ትርፍ ጊዜሽን ምን ትሠሪበታለሽ?»

እህቴ አፏን ከመክፈቷ በፊት ባሏ መለሰላት። «ታርፋለቻ! ስፌቱንም ቀስ በቀስ እየተወችው ነው።»

እየተወችው ነው! እኔ ልናገር ስል እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። እጇን በቀሚሷ ላይ ጠረገችና ወጣች። ትንሽ ቆይታ የሙሽራዋን እናት ቀሚስ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ የስፌት መኪናዋን ታቅፋ ተመለሰች። ከባድ ናት፣ ልቀበላት ተነሳሁ፣ በዓይኗ መለሰችኝ። ማሽኑ አናት ላይ፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጠቻት። በመስኮቱ በኩል ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው። ጎንበስ ብላ የማሽኑን ገመድ ነቀለችና የራሷን ሰካች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሳሎን የነበረው የቴሌቪዥን ድምፅ ብቻውን ሲለፈልፍ ተሰማ።

«ምን ሆነ? መብራት ሄደ እንዴ?» አለ ባሏ ጣራ ጣራውን እያየ።

«መብራት አልሄደም» አለች እህቴ። «እኔ ነኝ የተመለስኩት።» ክሩን ወደ መርፌው ቀዳዳ ላከችው፤ ባንዴ ገባ። የተረተረችውን የቀሚሱን እጅጌ ዘርግታ መስፋት ጀመረች።

«ኧረ እቃው ሳሙና ላይ ነው!»

«አውጥተህ እጠበዋ።»

ባሏ ወደ እንግዶቹ ዞሮ ሳቅ አለ። ማንም አብሮት አልሳቀም። አማቷ ይቆጣሉ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ስጠብቅ፣ እሳቸው ልጃቸውን ሊያጽናኑ ፈለጉ። «ምን ያስጨንቅሃል፣ ልጄ? ቀድሞም ታጥቧል፤ ማለቅለቅ ብቻ ነው።»

«ታጥቧል? ማን አጠበው?»

«እሷ ናታ! ሌላ ማን አለ?»

«ዛሬ?»

«ሁልጊዜ» አሉ አማቷ፣ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ ገርሟቸው።

ቀያሹ የማሽኑን በር ከፈተ። አንድ ሳህን አነሳ፣ አገላብጦ አየው፤ አረፋውን በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው። ምናልባትም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳህኑን አየ። አለቃው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ባለቤታቸው ከእህቴ እጅ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም፤ ጣቶቿ ገና ከውሃው እንደተጨማደዱ ነበሩ። ባሏ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ቧንቧውን ከፈተ። ከዚያ ጀርባውን እንደሰጠ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

እህቴ የቀሚሱን እጅጌ አዙራ ጫፉን አስተካከለች። ዓይኗን ከመርፌው አላነሳችም።

«ነግሬሃለሁ» አለችው። «ማሽኑ ይጮህ ነበር።»