ባኞ ውስጥ የገባው ባህር

ባለቤቴ ኢብራር ባህር አይቶ አያውቅም። አየር ጤና ሰፈር ፍሪጅ ሲጠግን የሚውል ሰው ነው፤ ግን ሳሎናችን ውስጥ ባህር አለው። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ የጅቡቲ መስመር ሾፌር፣ የመኪናውን ፍሪጅ ስለሠራለት፣ ሁለት ብርቱካናማ ዓሣዎችና አንዲት የባህር አበባ በላስቲክ ይዞለት መጣ። አበባ ይበሏት እንጂ እንስሳ ናት፤ ዓሣዎቹ ጣቶቿ መሃል ነው የሚያድሩት። በቃ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውዬው አበደ። እኔን ሃፊዛን ይረሳኛል፣ የውሃውን የጨው ልክ ግን ተኝቶም አይረሳም።

ባለፈው ወር አኳሪየሙ፣ የዓሣዎቹ የመስታወት ገንዳ፣ በሥሩ ማፍሰስ ጀመረ። ውሃው ወጥቶ፣ መስታወቱን የሚያያይዘው ሲሊከን ተልጦ እንደገና ተለጥፎ፣ አዲሱ ውሃ እስኪረጋ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አለኝ። እስከዚያ እንስሳቱ የት ይግቡ? ባኞዬ ውስጥ! ተቆጣሁ፣ ማን ሊሰማኝ። የጨው ውሃቸውን ሞልቶ፣ ድንጋዮቻቸውን ደርድሮ፣ አየር መንፊያውንና ማሞቂያውን ተክሎ በሳህን እየቀዳ አዘዋወራቸው። እውነቱን ልናገርና፣ ሴቷ ዓሣ አበባዋን ፈልጋ ስትገባ እኔም እንደ ልጅ አጨበጨብኩ።

በአራተኛው ቀን አማቴ እማ ዙቤዳ ከሳንሱሲ መጡ። የዓሣውን ነገር የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚሉት። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ቧንቧው ደርቋል፣ እኔ ወጥ ላይ ነኝ። ለሶላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ፣ ባኞ ቤት ገቡ። ዓይናቸው ደከም ብሏል፣ ዓሣዎቹም ድንጋይ ሥር ነበሩ። ለፈረቃው ያጠራቀምነው ውሃ ነው ብለው ከባኞው በጆግ ቀድተው ሲጉመጠመጡ ጨው! ውሃችን የተበላሸ መስሏቸው አዘኑልን። ወጥ ጨው ሲበዛበት እንደሚደረገው፣ ሳምንቱን ያጠራቀምኩትን ሁለት ጀሪካን ንጹህ ውሃ ገለበጡበት። ከዚያ መጥተው አስተካከልኩላችሁ አሉኝ።

ሮጬ ገባሁ። አበባዋ ተጨማዳ ቡጢ አክላለች፤ ዓሣዎቹ ጥግ ላይ ተለጥፈዋል። ለኢብራር ደወልኩ፤ እንዴት እንደደረሰ አላህ ይወቀው፣ የሥራ ልብሱን እንኳ አላወለቀም። እናቱን አንድ ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። ይሄ የባህር ውሃ ነው፣ ጨዉ ካነሰ ይሞታሉ ብሎ ብቻ አስረዳቸው። በአንዴ ቢጨመርባቸውም ይጎዳሉ፤ ስለዚህ ከባኞው ቀድቶ ጨው በጠበጠበትና በየጥቂት ደቂቃው አንድ አንድ ኩባያ መመለስ ጀመረ። እማ ዙቤዳ ኩባያውን ከእጁ ተቀበሉት። በርጩማ አምጪልኝ አሉኝ። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ እስከ አስር ሶላት ድረስ እሳቸው ያፈሳሉ፣ እኔ ሰዓት እይዛለሁ፣ ኢብራር ይለካል።

መጀመሪያ የአበባዋ አንድ ጣት ወጣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አበባዋ እንዳለች ተከፈተችና ሴቷ ዓሣ ዘው አለችባት። ኢብራር በዚያ ግራሶ በነካው እጁ አቅፎ ከመሬት አነሳኝ፤ እኔም እየሳቅኩ አለቀስኩ። እማ ዙቤዳ ግን እርጥብ ጣታቸውን ወደ ከንፈራቸው ወስደው ቀመሱት።

“አባትህ ከአሰብ ወደብ ጭኖ ሲመጣ ሸሚዙ እንዲህ ነበር ጨው ጨው የሚለው” አሉት። “ባህሩን አሳይሻለሁ እንዳለኝ ሞተ። አንተ አሳየኸኝ።”

እንስሳቱ ወደ አኳሪየሙ የተመለሱ ቀን እማ ዙቤዳ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው በጠዋት ደረሱ። አበባዋን በሳህን ተሸክመው ያስገቧት እሳቸው ናቸው። ባኞዬ ተመልሶልኛል፤ አሁን ያጣሁት ሶፋዬን ነው። ከአኳሪየሙ ፊት ለፊት ያለችውን ቦታ እሳቸው ይዘዋታል።