ጠርዙ ያልተዘጋ ሰፌድ

ከባሕር ዳር የተነሣነው በጠዋት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ እኔ ግን ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ የቤቴን ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ሦስት ጊዜ ዳሰስኩ። እኔ ገበያ ለመሄድ እንኳ ቤቴን ቆልፌ፣ መቆለፌን ለማረጋገጥ ተመልሼ የምመጣ ሴት ነኝ። በዚህ ላይ የሰው አደራ ይዣለሁ።

አደራዬ ወይዘሮ ሎይስ ናቸው፤ ከአሜሪካ፣ ከአሪዞና የመጡ የሆፒ ሴት። ሆፒዎች ነጮቹ ሳይመጡ በፊት በዚያ ምድር የነበሩ፣ ዝናብ በማይበረክትበት አገር አምባ አናት ላይ መንደር ሠርተው በቆሎ የሚዘሩ ሕዝቦች ናቸው። ሴቶቻቸው እንደኛ ሴቶች ስፌት ይሰፋሉ። አምና ክረምት ርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራ ሰፊዎችን ሣር ሁሉ ሲያበሰብስባቸው ወሬው በሰው በሰው እነሱ ዘንድ ደረሰ። ሀብታሞች ሆነው አይደለም፤ የገዛ ስፌታቸውን ሸጠው ነው ርዳታ የላኩት። በዚያም ከመሬት ከፍ ያለ የሣር ማስቀመጫና መሥሪያ ቤት ተሠራ። ወይዘሮ ሎይስ ቤቱን ሊያዩና ከሴቶቹ ጋር ሊሰፉ መጡ። እኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና እንዳስተረጉም ተጠራሁ።

የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። የወይዘሮ ሎይስ ልጅ ነፍሰ ጡር ነች፤ ወሯም ገብቷል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። እናትየው ጉዞውን ሊሰርዙ ሲሉ «ሂጂ፣ ቃል ገብተሻል» ብላ የላከቻቸው እሷ ናት። እንግዲህ እሳቸው በየደቂቃው ስልካቸውን ያያሉ፣ እኔ ደግሞ እሳቸውን አያለሁ።

ወደ ወረታ

ሐሙሲት ላይ ሚኒባሱ ቆመ። ሴቶች የመጨረሻውን እሸት በቆሎ ጠብሰው ይሸጣሉ። ወይዘሮ ሎይስ አንዱን ገዝተው ከመብላታቸው በፊት አገላብጠው አዩት፤ የፍሬውን ረድፍ በጣታቸው ተከተሉ። የነሱ በቆሎ ሰማያዊ ነው አሉኝ፤ በጋለ ድንጋይ ላይ ወረቀት የመሰለ ስስ ቂጣ ይጋግሩበታል። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ። ኔትወርክ የለም። በፍተሻው ላይ ወርደን ተፈተሽን፣ የጉማራን ወንዝ ተሻገርን፣ አሁንም የለም።

ወረታ እንደምታውቋት ናት። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ በሚለያይበት ላይ የጭነት መኪና ተደርድሯል፣ ሽንኩርት በጆንያ ተከምሯል፣ የሩዝ መፈልፈያው ጩኸት ሰው አያነጋግርም። አንድ የባጃጅ ሾፌር መንደሩ ድረስ ለደርሶ መልስ ስድስት መቶ ብር አለን።

«ፈረንጅ አይደሉም እኮ!» አልኩት።

«ታዲያ ምንድን ናቸው?»

«ሆፒ ናቸው።»

«እሱ የት ወረዳ ነው?»

«አምባ ላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፣ በቆሎ ይዘራሉ።»

ሾፌሩ ዞር ብሎ እጃቸውን አየ። «እንዲያማ ከሆነ አምስት መቶ» አለ።

ሣሩ ቤት

ሜዳው ቢጫ ነበር፤ ሩዙ ለአጨዳ ሊደርስ ነው። የተሠራው ቤት ከሩቅ ይታያል፤ በድንጋይ መሠረት ላይ ከፍ ብሎ የቆመ፣ ቆርቆሮው የሚያብረቀርቅ። ውስጡ የስፌት ሣሩ፣ ስንደዶና አክርማው፣ ታስሮ ተሰቅሏል፤ ሽታው ደስ ይላል። የሴቶቹ አለቃ እማማ ታንጉት በሩ ላይ ተቀበሉን። ባላቸውን የቀበሩ፣ ልጆች አሳድገው የዳሩ፣ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ዝም የሚልላቸው ሴት ናቸው።

«የኛን ሣር ከውኃ ያወጡ እኒህ ናቸው?» ብለው ጉንጫቸውን ሳሙ፤ ደጋግመው ሳሙ።

የሩዝና የጤፍ ቅልቅል እንጀራ በዓሣ ወጥ በላንና ሥራ ተጀመረ። ወይዘሮ ሎይስ ከቦርሳቸው ወስፌ አወጡ፤ እማማ ታንጉትም የራሳቸውን። ሁለቱ ወስፌዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሴቶቹ ሳቁ፤ ልዩነታቸው እጀታው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ እኔን የሚፈልግ ጠፋ። አንዷ «መምህርቷ ሥራ ፈታች፣ ሣር ንከሪ በሏት» ብላ አሳቀችብኝ። ለትንሽ ጊዜ እኔም መጨነቄን ረሳሁ።

ወይዘሮ ሎይስ በመጨረሻ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ሰፌድ አወጡ። የልጃቸው ሥራ ነው፤ ለማሳየት ይዘውት መጥተው ይዘውት ይመለሳሉ። መሐሉ ላይ በቢጫና በጥቁር ኮከብ አለው። እማማ ታንጉት ዳር ዳሩን በጣታቸው ሲዳስሱ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ጠርዙ አልተዘጋም፤ ሣሩ ብቅ ብሎ ቀርቷል። «ስፌቱን ደኅና አድርጌ ልየው፣ እኔ ዘንድ ይደር» ብቻ አሉ። ወይዘሮ ሎይስ ደስ ብሏቸው ሰጧቸው።

ወደ ወረታ ስንመለስ ነው ባጃጁ ውስጥ ነገሩን የነገሩኝ። በእናታቸው ወገን ልማድ መውለድ የምትችል ሴት የስፌቷን ጫፍ አትዘጋም፤ የሚዘጋው የመውለጃዋ ዕድሜ ሲያልፍ ነው። ልጃቸው ያን ሰፌድ የጨረሰችው ሁለተኛው ፅንስ ከወረደ በኋላ ነው። ዘመዶቿ «ይበቃሻል» ሲሏት፣ ጫፉን ክፍት አድርጋ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

ክው አልኩ። የእማማ ታንጉት ጣት የቆመችበት ቦታ ትዝ አለኝ፤ ያላለቀ መስሏቸው ቢዘጉትስ? ለመመለስ መሽቶብናል፤ ሾፌሩም በዚያ ሰዓት ወደ ገጠር አይመለስም፤ የሚደወልበትም ኔትወርክ የለም። «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። «ምንም፣ ደክሞኝ ነው» አልኳቸው።

በማግስቱ

ወረታ አድረን ስንመለስ እንደፈራሁት ሆነ። እማማ ታንጉት ገና ሳንቀመጥ ሰፌዱን በሁለት እጃቸው አቀረቡ። ጠርዙ ዙሪያውን በቀይ አለላ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ሥራው እንዴት ያምራል! የት ጋ እንደተቀጠለ እንኳ አይለይም።

«እንግዳ ያላለቀ ሥራ ይዛ ከቤቴ ትውጣ? ነውር አይደለም እንዴ!» አሉ በኩራት።

ወይዘሮ ሎይስ ተቀብለው ጣታቸውን ዳሩ ላይ አስኬዱ። ዞረው ዞረው ጫፉን አጡት። ቁጭ አሉና ሰፌዱን ሆዳቸው ላይ አስጠጉት። ሴቶቹ የደስታ መስሏቸው ፈገግ አሉ። እኔ ነኝ መናገር ያለብኝ።

«እማማ፣ ጫፉ ክፍት የሆነው ልጃቸው አውቃ ትታው ነው» አልኩና ያወቅሁትን ሁሉ ዘረገፍኩት።

የእማማ ታንጉት ፊት አመድ መሰለ። «ወሯ ገብቷል አልሽኝ?»

«አዎ።»

«ወይኔ ታንጉት! እቤቴ ቁጭ ብዬ የሰው ልጅ ማህፀን ዘግቼ አደርኩ?» ደረታቸውን መቱ። ከዚያ እንባቸውን ሳይጠርጉ ወስፌያቸውን አነሡ። «አምጡልኝ። ውኃም አምጡልኝ።»

አለላውን አርሰው አንድ በአንድ ይፈቱ ጀመር። የሆፒዎቹ ሣር ደረቅ ነው፤ ወስፌው ትንሽ ከሳተ ጫፉ ይቆረጣል። በዚህ መሐል አንዷ ሴት በዝግታ «ማርያም፣ ማርያም» ማለት ጀመረች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ማንም አላዘዛቸውም።

«ምን እያሉ ነው?» አሉኝ ወይዘሮ ሎይስ።

«ምጥ ለያዛት ሴት የምንለው ነው።»

ቀና ብለው ሁሉንም አዩዋቸውና ሄደው ከእማማ ታንጉት አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሰፌዱን በአንድ በኩል ያዙላቸው። ሁለቱ ሴቶች ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ፈቱት። የመጨረሻው ቀይ አለላ ሲወጣ ጫፉ እንደነበረ ብቅ አለ። አልተሰበረም።

እማማ ታንጉት ግን አላበቁም። ለስጦታ ያዘጋጁትን የራሳቸውን ሰፌድ አስመጡ፤ ክረምቱን ሙሉ የሰፉት ነው። ጠርዙን ገልብጠው ይፈቱት ያዙ።

«ኧረ እማማ! እንዲህ ያለ ሥራ ለሰው ይሰጣል?» አለች አንዷ።

«ዝም በይ። ልጅቱ ያመነችበትን እኔ አበላሽቼ ነበር። ክፍቱን ይውሰዱላት። ማርያም በሽልም ታውጣት ብላለች ታንጉት በያቸው።»

ቃል በቃል አስተረጎምኩላቸው።

መልስ

የመልሱ መንገድ አላልቅ አለኝ። ወይዘሮ ሎይስ ሁለቱን ሰፌዶች ጭናቸው ላይ አድርገው አውራ ጣታቸውን ክፍቱ ጫፍ ላይ አሳርፈው ነበር። ባሕር ዳር መግቢያ ላይ ስልካቸው ጮኸ፤ ልጅቱ ትናንት ሆስፒታል ገብታለች፣ ሌላ ወሬ የለም። ትናንት! ጠርዙ ተዘግቶ ባደረበት ሌሊት! ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነው። ቤቴ አስገባኋቸው፤ ምሳ አቀረብኩ፣ አልተነካም። ቆመን ተቀምጠን ጠበቅን። አመሻሹ ላይ አማቻቸው ደወለ። ሴት ልጅ፤ እናቲቱም ደኅና ናት። እሳቸው አለቀሱ፤ እኔ ከሳቸው ብሼ ጎረቤት እስኪመጣ አለቀስኩ።

ይህ ጉዞ ከጭንቀቴ አዳነኝ ብል እዋሻለሁ፤ ዛሬም በሬን ቆልፌ እመለሳለሁ። አንድ ነገር ግን ተማርኩ። ቸርነትም መጠየቅ አለበት፤ የጎደለ የመሰለንን ከመሙላታችን በፊት ባለቤቱን «ለምን እንዲህ ተውሽው?» ማለት። ሲያጠፉ ደግሞ እንደ እማማ ታንጉት በገዛ እጅ መፍታት።

ኔትወርክ የተገኘ ዕለት በባጃጁ ሾፌር ስልክ እማማ ታንጉትን አገኘኋቸው። «ሴት ናት!» ስላቸው እልልታቸው ጆሮዬን ሊበጥሰው ነበር። ከዚያ ድንገት ጠየቁኝ።

«አሁን እንግዲህ ወልዳ የለ? ጠርዙን ዘጋችው?»

«አልዘጋችውም እማማ።»

«ጎሽ። አትዝጋው በያት፤ ሕፃኗ ታናሽ ትፈልጋለች።»