በመስታወቱ ቤት የተዘፈነው

ሥራዋ የቅጠል ጀርባ መቀባት ነበር። የባቄላውን ቅጠል በጣቷ ጫፍ ገልበጥ ታደርግና መልክ የሌለውን የጥፍር ቀለም በስሱ ትቀባዋለች። ሲደርቅ በፕላስተር ልጥ አድርጋ አንስታ፣ ትንሽ መስታወት ላይ ትለጥፈዋለች። ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ የቅጠሉ አፎች በሙሉ እንደ ሕፃን ከንፈር ተደርድረው ይታያሉ፤ አንዱ ገርበብ ያለ፣ አንዱ ጥርቅም ያለ።

የምርምር ጣቢያው ግቢ ሁሉ «ኩቴክስ» የሚላት ለዚህ ነበር። የራሷ ጥፍር ግን በዕድሜው ቀለም አይቶ አያውቅም።

«ኩቴክስ፣ ባቄላዋን የምትድሪያት መቼ ነው? እንዲህ አሽሞንሙነሻት!» ይላታል አትክልተኛው።

«አንተን እምቢ ብላ እኮ ነው የዘገየችው» ትለዋለች፣ ቀና ሳትል።

ሥራውን ያስገኘችላት ታናሽ እህቷ ነበረች። ታናሽ ማለት እንኳ አይገልጸውም። እናታቸው ስታርፍ ልጅቱ ገና ድክ ድክ ትል ነበር፤ ኩቴክስ ናት በጀርባዋ አዝላ፣ የሰው ልብስ እያጠበች ለወግ ለማዕረግ ያበቃቻት። አሁን ያቺ ልጅ ነጭ ጋዋን ለብሳ ጥናቱን የምትመራዋ ዶክተር ናት። እህትማማች መሆናቸውን ግን በመሥሪያ ቤቱ የሚያውቅ የለም።

«ዘመዷን ሰገሰገች እንዳይሉኝ ነው እትዬ» ብላታለች ገና ስታስገባት። «ሥራው ይሳካልኝ እንጂ፣ እኔው ራሴ በሰው ሁሉ ፊት እህቴ ናት እላለሁ። በእናታችን አጥንት!»

ኩቴክስም ያቺን ቀን እንደ ሙሽራ ትጠብቃት ጀመር። ቅጠል እየቀባች ቀኗን በልቧ ታያታለች፦ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ዶክተሯ እጇን ይዛ፣ «ይህቺ እህቴ ናት» ስትል። ከዚያ ሌላ የምትመኘው ነገር አልነበራትም።

ጥናቱን ዶክተሯ አንድ ቀን ቁጭ አድርጋ አስረድታታለች። «ቅጠል አየር የሚያስገባበትም ውሃ የሚያልበውም በዚያው በአንድ አፉ ነው፤ ስቶማታ ይባላል። እኛ ተንፍሰን የምናስወጣው የተቃጠለ አየር ለሱ ምግቡ ነው። ሲበዛለት አፉን ብዙ መክፈት አያስፈልገውም፣ ገርበብ ያደርገዋል፤ ውሃም ይተርፈዋል። ጥም ሲጠናበት ደግሞ ጭራሽ ይዘጋል። ያኔ ውሃውን ያድናል፣ ግን ይራባል።»

«ወይ የኔ ምስኪን!» አለች ኩቴክስ፣ ለቅጠሉ።

ባቄላው የሚያድግባቸው የመስታወት ክፍሎች ሁለት ነበሩ። ወደ አንደኛው የተቃጠለው አየር ከሲሊንደር ይለቀቃል፤ ሁለተኛው እንዲሁ ተራ አየር ነው። የሁለቱም ውሃ ይቀነሳል። የተቃጠለ አየር የበዛላት ባቄላ ጥሙን የበለጠ ትችለው እንደሆነ ማየት ነው ነገሩ። «በሩ እንዳይከፈት!» ተብላለች። ኩቴክስ ደግሞ ለእህቷ ሥራ ስስታም ናት፤ በሩን ዘግታ አልበቃ ብሏት የሥሩን ክፍተት በጨርቅ ወተፈችው። ከዚያ በተራ አየሩ ክፍል ውላ ታመሻለች። እነዚያኞቹስ ከሲሊንደር ይመገባሉ፤ እነዚህስ ማን አላቸው? ምሳዋንም እዚያው ትበላለች። ፊቷን ከቅጠሉ ሥር አስጠግታም ታንጎራጉራለች፦

አንቺ ለምለም ቅጠል ምን ያስጨንቅሻል፣
ጥሙ የጠና ለት ዓይኔ ያጠጣሻል።

ድምጿ ያምራል። መስታወቱ መልሶ ሲያቀብላት፣ ገና ልጅ ሆና ያቺን ሕፃን አዝላ ያባበለችበት ዘመን የተመለሰ ይመስላታል።

ዶክተሯ ግን ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍታ ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። ተራ አየር የሚያገኙት ባቄላዎች አፋቸውን ከፈት ማድረግ ሲገባቸው፣ ልክ እንደ ሲሊንደሩ ክፍል ባቄላዎች ገርበብ አድርገውታል። በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም። ልዩነት ከሌለ ጥናትም የለም። አየሩን የሚለካው መሣሪያ በየጠዋቱ ይነበባል፤ በየጠዋቱም ደህና ነው ይላል። ኩቴክስ ከመግባቷ በፊት መሆኑን ማን ልብ ይበል?

ጥናቱን የሚገመግሙት እንግዶች የመጡት ከሰዓት በኋላ ነበር። ዘፈን ከውጭ ሰሙ። በሩን ሲገፉት ጨርቁ ያዘው፤ በኃይል ገፍተው ገቡ። ከመካከላቸው ሽበታሙ ሰውዬ ወደ መለኪያው ቀና አለና መነጽሩን አስተካከለ።

«ይሄ ክፍል ተራ አየር ነው አላልሽንም? ከሲሊንደሩ ክፍል ምን ተለየ? እዚህ ውስጥ ማነው የሚውለው?»

ዶክተሯ ጨርቁን አየች፣ የምሳ ዕቃውን አየች፣ እህቷን አየች። ሁሉም ነገር በአንዴ ገባት።

«ሠራተኛዋ ናት» አለች። «ትዘፍናለች መሰለኝ።»

«በዘፈን አፍና አፋቸውን አዘጋቻቸዋ!» አለ አንዱ፣ ሳቁም ክፍሉን ሞላው። ዶክተሯም አብራ ሳቀች። ኩቴክስ የቀለሙን ብሩሽ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ትንፋሿ ጥናቱን ማበላሸቱን ወዲያው አልተረዳችም፤ መጀመሪያ የሰማችው «ሠራተኛዋ» የሚለውን ነበር።

እቤት ሲገቡ ዶክተሯ አለቀሰች። «የስንት ዘመን ልፋቴን! እንደገና ዝሪ ብለውኛል እትዬ፤ የመጨረሻ ዕድሌ ናት። እባክሽን!» ኩቴክስም እንባዋን ጠረገችላት። ስለዚያች ቃል አላነሳችም። ልጅቱ ደንግጣ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ትክሰኛለች አለች በሆዷ።

ባቄላው እንደገና ተዘራ። ዶክተሯ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል ረዥም የፕላስቲክ ቱቦ አስገባች። ኩቴክስ ስትገባ የቱቦውን ጫፍ በጥርሷ ትይዛለች፤ በአፍንጫዋ ትስባለች፣ በቱቦው ወደ ውጭ ታስወጣለች። መዘመርም ማውራትም የለም። አትክልተኛው በመስታወቱ አሻግሮ ሲያያት ቀልዱ ጠፋው።

ውሃው ሲቀነስ የተራ አየሩ ባቄላዎች አፋቸውን ከፍተው የያዟትን እርጥበት አላቧት፤ ቀድመውም ጠወለጉ። የሲሊንደሮቹ ቀና እንዳሉ ሰነበቱ። የሚመነምኑት ኩቴክስ ታንጎራጉርላቸው በነበረው ክፍል ያሉት ናቸው። ቱቦዋን ነክሳ፣ አንገታቸውን ሲደፉ እያየች፣ ጀርባቸውን ቀባች። ዶክተሯ ግን ልዩነቱን በማይክሮስኮፕ ስታይ እንደ ልጅ ዘለለች።

በተከታዩ እሑድ ለጥናቱ መሳካት እቤታቸው ግብዣ ሆነ፤ ሽበታሙም የሥራ ባልደረቦቿም መጡ። ኩቴክስ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ኬክ ይዛ ወጣች።

«እንዴ፣ ኩቴክስ!» አለ አንዱ። «ዶክተር፣ እቤትሽም ትሠራለች እንዴ?»

ኩቴክስ ኬኩን እንደያዘች ወደ እህቷ ዞረች። ዶክተሯ ብርጭቆዋን አየች፣ ሽበታሙን አየች።

«ኧረ እሷ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር!» አለችና ሳቀች።

«እንግዲያው አንዴ ዝፈኝልን!» አለ ሽበታሙ። «እዚህ ባቄላ የለም፣ አትፍሪ!»

ኩቴክስ ኬኩን አስቀምጣ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ዶክተሯ ተከትላት መጣችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ፣ አትቀየሚኝ። ዛሬ ብናገር፣ ያኔ ያበላሸችው እህትሽ ናት እንዴ ሊሉኝ ነው። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። ደግሞ ጥለሽ ስትገቢ ቅር አላቸው፤ እስኪ አንድ ግጥም በይላቸውና…»

ኩቴክስ ብርጭቆ ማድረቋን አላቆመችም።

«ሚጢዬ» አለቻት ቀስ ብላ፣ «ስዘፍን ትንፋሽሽ በዛ አላችሁኝ፤ እሺ ብዬ ወደ ውጭ ተነፈስኩ። እህቴ ናት ለማለት ግን ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል?»

ዶክተሯ አፏን ከፈት አደረገች። ከሳሎን «ዶክተር! ኬኩን ማን ይቁረስ?» የሚል ድምፅ መጣ። ፀጉሯን በእጇ አስተካከለች፣ ፈገግታዋን መለሰችና በሩን ከኋላዋ ዘግታ ወጣች።

ኩቴክስ የተነሳውን ጭብጨባ በግድግዳው ማዶ ሰማችው። የቀሩትን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ አደረቀች።