የጠፈርተኛው ሽማግሌዎች

ሰቆጣ አስተማሪ ሳለሁ ቪዲዮ ቤት የፈረንጅ ፊልም ሲመጣ እንድተረጉምላቸው ይለምኑኝ ነበር። የዚያን ቅዳሜ ፊልሙ ስለ ጠፈርተኞች ነው። የመንኮራኩሩ አለቃ አብራው የምትሠራውን መሐንዲስ በሄደችበት ሁሉ እየተከተለ «እወድሻለሁ» ይላታል። እሷ «ተወኝ፣ ሥራዬን ልሥራ» ትለዋለች።

ከፊቴ የተቀመጡት የሰፈራችን ሽማግሌ አያ ንጉሤ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ እስቲ ንገሪኝ፣ ከዚያ መኪና መውረድ ትችላለች?»

«አትችልም አያ፤ ውጭው ባዶ ሰማይ ነው።»

«እንግዲያስ ነውር ነው! መውደዱን ይውደድ። መሄጃ የሌላትን ሴት ግን እንዲህ አያስጨንቋትም። ሽማግሌ ይላክ እንጂ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አጠገቤ የተቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ ጌታሁን ብቻ አልሳቀም። እሱ ራሱ በየቀኑ ከትምህርት ቤት እስከ ቤቴ ሳልጠራው ይከተለኝ ነበር። በነጋ ቁጥር ተመልሰን አንድ ቢሮ ስለምንገባ እኔም ደፍሬ ተወኝ አላልኩትም።

በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። አያ ንጉሤ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል።

«ግቡ እንጂ!»

«አንገባም። ወላጆችሽ ሩቅ ናቸው ብለን ወዳንቺው መጣን። ያ ትናንት አጠገብሽ ተቀምጦ የነበረው የመንኮራኩሩ ልጅ ነው የላከን» አሉ አያ ንጉሤ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። «በሩ ያንቺ ነው ልጄ። ካልፈለግሽ ዝጊው።»