የአጎቴ ጣት

ያሳደጉኝ አጎቴ አርፈው አርባቸው ገና አልወጣም። ደብረ ብርሃን ባለው ግቢያችን አትክልት ሳያጠጡ በፊት ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ይሰዱና ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆዩ ነበር። እኔ ባልዲ ይዤ አጠገባቸው እቁነጠነጥ ነበር።

«ጋሼ፣ ላፍስሰው?»

«ቆዪ እንጂ አንቺ ልጅ። ገና አልጠማውም። ሥርም እንደ ሰው አየር ይፈልጋል።»

መቆየት ድሮም አይሆንልኝም። ከቀብሩ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል፤ ወንበር አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ፣ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ ሲወጣ «የእሳቸው አትክልት እንዳይደርቅ» እያለ አንድ ጆግ ውኃ ያፈስሳል። ከልባቸው ስለሆነ ተዉ ማለት አቃተኝ። ጠዋት ጠዋት እኔም እጨምርበታለሁ።

ትናንት ከአትክልቱ መሃል ያለችው የአፕል ችግኝ ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ አየሁት። ውኃ የጠማት መስሎኝ ባልዲ ሞልቼ ሮጥኩ። ልደፋው ስል የእሳቸው ነገር ትዝ አለኝና ጣቴን ሰደድኩ። አፈሩ ጭቃ ሆኗል፤ ሽታውም ተለውጧል። ያዘነላት ሁሉ ሲያጠጣት ሥሯ መተንፈሻ አጥቷል።

ባልዲውን አስቀመጥኩት። ማጠጣት ከቀረ በእጄ ምን እንደምሠራበት አላወቅኩም። ጣቴን ሳላወጣ፣ እንደ እሳቸው ዓይኔን ጨፍኜ ልቆይ ሞከርኩ። ግን ደጋግሜ ገለጥኩት፤ «ቆዪ» የሚለኝ ድምፅ በየት በኩል እንደሚመጣ ለማየት።